የባልደረባችሁን ስም ደጋግማችሁ አሳስታችሁ ጽፋችኋል? ይቅርታው እንዲህ ይጠየቃል

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የስም ዝርዝር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ለዚህ ይሆናል ጥያቄው ሁሌ ወደ እኔ የሚመጣው። አንዱ በሩን ገፋ አድርጎ ይገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእከሊትን ስም ስድስት ወር ሙሉ አሳስቼ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ዛሬ ነው ያየሁት። አሁን ምን ብዬ ልቅረባት?» ይለኛል። በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ሰው ጠየቀኝ። ለሁለቱም የነገርኳቸውን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ እርማቱ ከይቅርታው ይቀድማል። ብዙ ሰው ሮጦ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። በማግሥቱ ስልኩ ራሱ የሞላለትን የተሳሳተ ስም ይልካል። ይሄኛው ከበፊቱ ይብሳል፤ «አላወቅኩም ነበር» ማለት አይቻልማ። ሁለተኛ፣ ባልደረባችሁ እስካሁን ዝም ስላለች ግድ የላትም ማለት አይደለም። ይሉኝታ ነው። «በአንድ ፊደል ሰው ላስቀይም እንዴ?» ብላ ትተወዋለች። ሳትናገር ግን እያንዳንዱን ታያለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለቤቱ ራሱ ስሙን የጻፈበት ነገር፦ የኢሜይል ፊርማው፣ ራሱ ያዘጋጀው ሪፖርት፣ በእጁ የሞላው ቅጽ
- ሁሉም የአማርኛ ፊደላት ያሉበት ኪቦርድ፣ በስልክም በኮምፒውተርም
- ትንሽ ወረቀትና እስክርቢቶ (ደረጃ 6 ላይ ወሳኝ ናቸው)
- ለእርማቱ እንደ ስህተቱ ብዛት ከግማሽ ሰዓት እስከ ግማሽ ቀን፤ ለይቅርታው ራሱ ከሁለት ደቂቃ በታች

ማኪያቶ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለምን እንደሌለ ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

«ስምሽን አሳስቼ» ብቻ ብላችሁ ከሄዳችሁ ምኑን እንዳሳሳታችሁ ያልገባችሁ ትመስላላችሁ። ስህተቱን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። ቢሯችን ውስጥ ደጋግሜ የማያቸው እነዚህ ናቸው።

*ሞክሼ ፊደላት።* በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላት አሉ። ስለ ፊደል ስትነጋገሩ የቆየውን መለያ ስማቸውን ተጠቀሙ፣ ከግርግር ያድናችኋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። «በየትኛው ሰ ነው የምትጽፊው፣ በንጉሡ ወይስ በእሳቱ?» ብሎ መጠየቅ «ያኛው ሰ» እያሉ በጣት አየር ላይ ከመሳል ይሻላል።

«ድምፁ ያው አይደል?» ትሉ ይሆናል። የስሙ ትርጉም ግን ብዙ ጊዜ ከግዕዝ የመጣ ነው፣ በግዕዝ ደግሞ ፊደሉ ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። ሠረቀ ብርሃን የሚለውን ስም እዩት። በንጉሡ ሠ «ብርሃን ወጣ» ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ስትጽፉት ሌብነት ይሆናል፤ «ሰረቀ» ማለት ሰረቀ ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ዝርዝራችሁን ባየ ቁጥር ምን እንደሚያነብ አስቡት።

የትግርኛ ስም ሲሆን ነገሩ ከፊደል መልክም ያልፋል። ትግርኛ ሐመሩ ሐንና ዐይኑ ዐን እስከ ዛሬ ለየብቻ ያነባል። ሓጎስን «ሀጎስ»፣ ዓወትን «አወት» ብላችሁ ስትጽፉ ድምፁንም ነው የቀየራችሁት። ለባለቤቱ ሌላ ቃል ነው።

*የላቲን ፊደል አጻጻፍ።* ዮሴፍ መጨረሻው አንዱ ዘንድ «ኤፍ» ነው፣ ሌላው ዘንድ «ፒ» እና «ኤች»። ሚካኤል አንዱ ዘንድ በ«ኬ»፣ ሌላው ዘንድ በ«ሲ» እና «ኤች»። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ለአንድ ሰው ግን ልኩ አንዱ ብቻ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር መግጠም ስላለበት፣ ለባልደረባ ጉዞ የምታመቻቹ ሰዎች እዚህ ጋ ቆም በሉ።

የኦሮምኛ ስም በቁቤ ሲጻፍ ሕጉ የራሱ ነው። «ጨ» በአንድ «ሲ» ይጻፋል፣ «ጠ» በ«ኤክስ»፣ «ቀ» በ«ኪው»። አናባቢ ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ተነባቢ ሲጠብቅም እንዲሁ። ስለዚህ ጫልቱ ስሟን በ«ሲ» ጀምራ ሁለት «ኤ» ብታስከትል አልተሳሳተችም። «አስተካከልኩልሽ» ብላችሁ «ኤች» የጨመራችሁባት እናንተ ናችሁ የተሳሳታችሁት።

*የተጣመረ ስም።* ገብረ መድኅንን ለሁለት ከፍላችሁ «ገብረ»ን የራሱ ስም፣ «መድኅን»ን የአባቱ ስም ካደረጋችሁት ሰውየው አባት ተቀየረለት ማለት ነው። የኮምፒውተር ቅጾች ላይ ይህ ይበዛል። «ኃ/ማርያም» እያሉ በእዝባር ማሳጠርንም የማይወዱ አሉ። እየለያያችሁ ጻፉ ወይስ እያያያዛችሁ፣ እሱንም የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

*ተቀራራቢ ስም።* ሰላምን ሰላማዊት፣ ዓለሙን ዓለማየሁ ማለት። ይሄኛው የፊደል ስህተት አይደለም፤ ሌላ ሰው መጥራት ነው። ይቅርታውም ያንን ማመን አለበት።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ከባለቤቱ እጅ አግኙ

መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። ፀሐይ የሚለው ቃል በፀሐዩ ፀ እንደሚጻፍ ልታውቁ ትችላላችሁ። ባልደረባችሁ ግን «ጸሃይ» ብላ ከጻፈች ስሟ ጸሃይ ነው። እዚህ ሥራ ላይ «ትክክል» ማለት ባለቤቱ የሚጽፈው ማለት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የኢሜይል ፊርማዋን እዩ። ራሷ የላከችውን ጽሑፍ እዩ። የቴሌግራም ስም ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሰው እዚያ ያሳጥራል ወይም ቅጽል ስም ያደርጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የግል ማኅደሯን አስወጥታችሁ አትዩ። የሌላ ሰው ማኅደር ያለ ሥራ አይከፈትም። ከዚያም ሌላ፣ ማኅደሩ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። አንድ ጸሐፊ ድሮ ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ የጻፈው ፊደል እስከ ዛሬ ተከትሎት የሚኖር ሰው ብዙ ነው። መታወቂያው ላይ አንድ፣ በኑሮው ሌላ ይጽፋል። እንደዚያ ከሆነ ለደብዳቤ የትኛውን፣ ለደመወዝ የትኛውን እንደሚፈልግ ራሱን መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ ሰውም አትጠይቁ። «የእከሊት ስም በየትኛው ሐ ነው?» እያላችሁ ቢሮ ለቢሮ ከዞራችሁ፣ ይቅርታው ሳይደርሳት ወሬው ይደርሳታል። ማረጋገጫ ካጣችሁ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት፣ ደረጃ 6 ላይ ራሷ ትጽፍላችኋለች።

ደረጃ 3፦ የተሳሳተውን ሁሉ ፈልጋችሁ አርሙ

አሰልቺ ነው፤ ግን የይቅርታችሁ ክብደት ያለው እዚህ ነው።

ከስልካችሁ ጀምሩ። የተመዘገበውን ስም አስተካክሉ። ጂቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ የተሳሳተው ስም ከኪቦርዱ በላይ ሲመጣ በጣት ተጭናችሁ ያዙትና ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ጎትቱት። ካልሰረዛችሁት ቸኩላችሁ በምትጽፉበት ቀን ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ኢሜይል ላይ ስሙን በራሱ የሚሞላውን፣ በየወሩ እየቀዳችሁ የምትጠቀሙበትን የደብዳቤ ናሙና፣ የፊርማ መቀበያ ሠንጠረዡን፣ የበር ላይ ጽሑፉን፣ የአንገት ባጁን ተመልከቱ።

ኮምፒውተር ላይ ስትፈልጉ አንድ ነገር አስታውሱ። ለእኛ ጆሮ ሰ እና ሠ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው። ኤክሴል ላይ «ሠናይት» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሰናይት» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝላችሁም። ስለዚህ በሁለቱም ፈልጉ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ያለበት ስም ከሆነ ስድስቱንም መሞከር ነው። ባለቤቱንም የሚጎዳው ይሄው ነው፦ ዝርዝር ሲጣራ ስሙ «የለም» ይባላል።

እንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ አማርኛ የምትጽፉ ሰዎች የስህተቱ ምንጭ እዚያው ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ሲነኩ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ሰ ነው፤ ንጉሡን ለማምጣት ተጨማሪ መንካት አለበት። ቁልፉን አሁኑኑ ፈልጋችሁ ተለማመዱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፊርማና ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ በእስክርቢቶ አታርሙ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲደርስ ተቀባይነት ያጣል፣ ተመላልሶ የሚንገላታው ደግሞ ባለቤቱ ነው። የማስተካከያ ደብዳቤ በአዲስ ቁጥር እንዲወጣ አድርጉ። የደመወዝ፣ የጡረታና የባንክ ዝርዝርንም ሳትነግሩት አትንኩ። እዚያ ያለው ስም ከባንኩና ከፋይዳ መታወቂያው ጋር መግጠም አለበት፣ እናንተ «ያስተካከላችሁት» ፊደል ክፍያ ሊያዘገይበት ይችላል። እነዚህን ለይታችሁ በወረቀት ያዙና ይቅርታ ስትጠይቁ ንገሩት።

ደረጃ 4፦ የምትሉትን አዘጋጁ

አራት ነገር ብቻ ይኑረው፦ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ይቅርታው፣ ምን እንዳረማችሁ፣ ምን እንደቀረ። ጮክ ብላችሁ ስትሉት ከግማሽ ደቂቃ አይብለጥ።

ለእኩያ፣ ስሟ ሠናይት ቢሆን እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ሠናዬ፣ አንድ ደቂቃ አለሽ? ከመስከረም ጀምሮ ስምሽን በእሳቱ ሰ ስጽፍ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቃለ ጉባኤውንና የስም ዝርዝሩን አርሜያለሁ። የቀረው የባለፈው ወር ደብዳቤ ነው፣ ማስተካከያው ነገ ይወጣል።»

«ሠናዬ» የምትሉት ድሮም እንደዚያ የምትጠሯት ከሆነ ብቻ ነው። በዕለቱ የተፈጠረ ቁልምጫ ማባበያ ይመስላል።

በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው፦

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የስምዎን ፊደል እስካሁን አሳስቼ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ያሉትን ወረቀቶች አርሜያለሁ። ትክክለኛውን አንዴ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።»

ቢሮ ውስጥ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብላችሁ የምትጠሯቸውን ግን ዛሬ «ጋሼ»፣ «እትዬ» አትበሉ። አጠራሩ እንደ ወትሮው ይሁን።

ከአፋችሁ እንዳይወጡ የምመክራችሁ ቃላት ደግሞ አሉ። «ከከፋሽ ይቅርታ» አትበሉ፤ ጥፋቱን ወደ እሷ ስሜት ያዞረዋል። «ስምህ እኮ ይከብዳል» ሁለተኛ ስድብ ነው። «ኪቦርዱ ነው» እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን ከሆነ ያስኬዳል፣ ስድስት ወር ግን ኪቦርድ አይደለም። «ያው አንድ ነው የሚነበበው» የሚለው ከሁሉም ይከፋል፣ ምክንያቱም ይቅርታውን እዚያው ይሰርዘዋል።

ደረጃ 5፦ ቦታና ሰዓት ምረጡ

በአካል፣ ለብቻ፣ ሰው በማይጣደፍበት ሰዓት። ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ፣ ሰው ሻይ ቡና ሲል ጥሩ ነው። ሥራ መውጫ ላይ አይሆንም፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲል የሁሉም ልብ ሜክሲኮ ወይም ለገሃር ያለው የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሊፍት ውስጥም አይሆንም፣ ሌላ ሰው ይሰማል፣ እሷም የምትሸሽበት የላትም።

ስህተቱ በሰው ፊት የወጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ መጀመሪያ ለብቻ ይቅርታ ጠይቁ። ከዚያ ግሩፑ ላይ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ትናንት በለጠፍኩት ዝርዝር ላይ ስሙ የተሳሳተው ሠናይት ተብሎ ይስተካከል። ስህተቱ የእኔ ነው።» በቃ። ግሩፑ ላይ ረጅም ይቅርታ ከጻፋችሁ ሠላሳ ሰው እያየ መልስ እንድትሰጥ ታስገድዷታላችሁ።

ስለ ማኪያቶው። አብራችሁ ቡና የምትጠጡ ከሆነ ጠጡ፣ እንደ ወትሮው። ለይቅርታው ተብሎ የተጋበዘ ግን እንደ ክፍያ ይቆጠራል። ተጋባዥ ይሉኝታ ይይዘዋል። የከፋውን እንኳ ሳይናገር «ምንም አይደል» ብሎ ይነሳል።

ደረጃ 6፦ «ኧረ ምን ችግር አለው» ስትባሉ

ትባላላችሁ። ዘጠና በመቶ ባልልም፣ እኔ ባየሁት መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ይሄ ነው። ነገሩ አልቋል ብላችሁ አትመለሱ፣ ተቃውማችሁም «አይ በጣም አጥፍቻለሁ» እያላችሁ አትሟገቱ። ወረቀቱንና እስክርቢቶውን አውጡና «አመሰግናለሁ። እንዳልሳሳት ራስሽ ጻፊልኝ» በሉ።

ይህን የማደርገው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። የአንዲት ባልደረባዬን ስም አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በተሳሳተ ፊደል ጻፍኩ። አንድ ቀን የፊርማ ወረቀቱ ላይ ፊደሉን በእስክርቢቶ አስተካክላ ፈርማ ነበር። አይቼዋለሁ፣ አልገባኝም። ቆይቶ ለሥልጠና የተላከው የእኔ ዝርዝር ስለነበር የምስክር ወረቀቷ በእኔ ስህተት ታትሞ መጣ። ተቀበለችው፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የዚያን ዕለት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ነገር ግን አበዛሁት። ሥራ በዝቶብኝ እንደነበር፣ እንቅልፍ እንዳጣሁ፣ ምን ያህል እንዳፈርኩ ዘረዘርኩላት። መጨረሻ ላይ እኔን የምታጽናናው እሷ ሆነች። ስሟን በትክክል እንዴት እንደምትጽፍ ሳልጠይቃት ተለያየን። በሳምንቱ ተመልሼ ወረቀት ሰጠኋት። ቀስ ብላ በትልቁ ጻፈችው። ወረቀቱ አሁንም ኮምፒውተሬ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል።

«ሦስት ጊዜ ነግሬህ ነበር» ካለቻችሁ መልሱ «ልክ ነሽ፣ ነግረሽኛል» ነው። ሌላ ቃል አትጨምሩ። ከተቆጣችም አድምጡ፤ የተጠራቀመ ነው የሚወጣው።

ደረጃ 7፦ የሚቀጥለው አንድ ወር

ስሙ ያለበትን ማንኛውንም ጽሑፍ ከመላካችሁ በፊት ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። እጃችሁ የለመደው የድሮውን ስለሆነ ዓይናችሁ ያሳልፈዋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ በተለይ ሌላ ሰው እንዲያነብላችሁ አድርጉ።

ድጋሚ ከተሳሳታችሁ ወዲያው «ይቅርታ፣ አርሜ ልኬዋለሁ» በሉና የታረመውን ላኩ። ያንን ሁሉ ይቅርታ ከመጀመሪያው አትድገሙት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ለመቀለድ መሞከር። «አዲስ ስም አወጣሁልሽ» የሚለው ለተናጋሪው ብቻ ነው የሚያስቀው።
- ሌላ ሰው መላክ። «እከሌ ይቅርታ ብሎሻል» ይቅርታ አይደለም፣ መልእክት ነው።
- ፊደሉን አስተካክሎ ማዕረጉን ማሳሳት። ወ/ሮ እና ወ/ሪትን ጠይቃችሁ ጻፉ።
- ሳይናገሩ አርሞ ማለፍ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ደጋግማችሁ ከሆነ ግን ባለቤቱ እርማቱ በአጋጣሚ ይሁን በማወቅ አይገባውም፣ ቀጣዩን ደብዳቤ ሲከፍት አሁንም ይጠራጠራል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የአባት ስም። ይህ ሁሉ ለራሷ ስም ተደርጎ የአባቷ ስም እንደተሳሳተ ሲቀር አይቻለሁ። የእኛ አገር የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም፣ የአንድ ሰው ስም ነው፤ ምናልባትም በሕይወት የሌለ ሰው ስም። ስለዚህ ወረቀቱን ስትሰጧት «የአባትሽንም ጨምሪልኝ» በሉ፣ እስክትጨርስም አትቸኩሉ።